የድሬዳዋ ነዳጅ

ካፒቴን ወንድይራድ ማረፋቸውን የነገረኝ ነዳጅ ቀጂያችን ከድር ነው። ክንፉ ሥር ቆሞ ቱቦውን እየጠቀለለ፣ «ሽማግሌው አረፉ አሉ፤ ሰምተሃል?» አለኝ።

የትኛው ሽማግሌ ብዬ አልጠየቅሁም። በዚያ ሃንጋር ውስጥ ሽማግሌው የሚባሉት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። ከሄዱ አምስት ዓመት ቢያልፍም ስሙን የወረሰ ሰው አልነበረም።

«መቼ?» አልኩት።

«ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። አገራቸው ነው የተቀበሩት፣ መንዝ።»

የዚያን ዕለት ወደ ጅማ በረራ ነበረኝ። ሄጄ ተመለስኩ። ማታ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ቁልፉን ሳላዞር ብዙ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ ብል ውሸት ይሆናል። ያደረግሁት ነገር ቢኖር በእነዚያ አምስት ዓመታት ውስጥ ስንት ቅዳሜ አገራቸው ዘመሮ ደርሼ መመለስ እችል እንደነበር ማሰብ ነው። መልሱን ከማግኘቴ በፊት ተውኩት።

እሳቸውን ያወቅኋቸው ኢሕአዴግ ከገባ በኋላ፣ የግል በረራ ተፈቅዶ ትናንሽ ድርጅቶች ብቅ ብቅ ባሉበት ዘመን ነው። የእኛው ድርጅት ሁለት አውሮፕላን ነበረው፤ ሁለቱም ባለ ሁለት ሞተር፣ ዘጠኝ ሰው የሚይዙ። የእርዳታ ሠራተኛ፣ ክትባት፣ አንዳንዴም ቱሪስት እናመላልሳለን። ካፒቴን ወንድይራድ በደርግ ጊዜ የአየር ኃይል የጭነት አውሮፕላን አብራሪ ነበሩ። ሠራዊቱ ሲበተን ጥቂት ዓመት ሥራ ፈትተው ቆይተው ነው ወደዚህ የመጡት። እኔ ደግሞ ትምህርቴን ጨርሼ ፈቃዴን የያዝኩ፣ ሁሉን የማውቅ የሚመስለኝ የአዲስ አበባ ልጅ ነበርኩ። ረዳት አብራሪ አድርገው ከእሳቸው ጎን አስቀመጡኝ።

አጭር፣ ደልደል ያሉ፣ አንገታቸው የማይዞር የሚመስል ሰው ነበሩ። ወደ ጎን ሲያዩ ከነትከሻቸው ነው የሚዞሩት። ከበረራ በፊት ለብቻቸው ይገቡና የመጨረሻው የመንገደኛ ወንበር ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። መጀመሪያ የሚጸልዩ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ጠየቅኋቸው።

«ጸሎቱንማ ቤቴ አድርሼ ነው የምመጣ» አሉኝ። «እዚህ የምቀመጠው ነገሩ ሁሉ እንዴት ሊበላሽ እንደሚችል ለማየት ነው። አንዱ ሞተር ቆመ። ሬዲዮው ጠፋ። ኮምቦልቻ ተዘጋ። ለእያንዳንዱ መልስ ሳላገኝ ከዚህ ወንበር አልነሳም።»

በጠራ ሰማይ የሚበር ሰው መሬቱን እያየ ይሄዳል። እኛ ግን ክረምቱን በሙሉ የምንበረው ደመና ውስጥ በመሣሪያ ነው። ከመስታወቱ ውጭ ነጭ ነገር ብቻ ነው ያለው፤ ተራራው ከክንፍህ ሥር ይሁን አይሁን የሚነግርህ ሰዓት የመሰለ መለኪያ ነው። ካፒቴኑ ስለዚህ ሲያስተምሩኝ፣ «ደመና ውስጥ አይታሰብም» ይሉ ነበር። «ደመና ውስጥ አስቀድሞ የታሰበው ነው የሚደረገው። ማሰብ የምትፈልግ ከሆነ እዚሁ መሬት ላይ ሳለህ አስብ፤ ጊዜም አለህ፣ ወንበርም አለህ።»

በረራ ላይ፣ ሁሉ ነገር ሰላም ሆኖ ሳለ፣ በድንገት ቀኝ እጃቸውን ያነሣሉ። «ቀኙ ቆመ።» ከዚያ ጣታቸውን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ይዘረጋሉ። በሦስተኛው ካልመለስኩ፣ «በል መንዝ ጓሳ ላይ ወድቀናል፤ ለጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሰላምታ ስጥ» ብለው ሻያቸውን ይጠጣሉ። በመጀመሪያው ክረምት ጓሳ ላይ አሥራ አንድ ጊዜ ወድቄያለሁ።

ጓሳ ያሉት ለቀልድ ብቻ አልነበረም። ከአዲስ አበባ ወደ ኮምቦልቻ ስንሄድ መንገዳችን በትውልድ አገራቸው ላይ ያልፋል። የመንዝ ደጋ ከፍታው የትየለሌ ነው። የእኛ አውሮፕላን ደግሞ በሁለት ሞተር ከደጋው በላይ በደንብ ይሄዳል፣ በአንድ ሞተር ግን ያን ከፍታ መያዝ አይችልም፤ ቀስ እያለ ይወርዳል። ከሥር ደመና የለበሰ አምባ ካለ መጨረሻው ይታወቃል። በአውሮፕላኑ መመሪያ መጽሐፍ መሠረት ወደ ተነሣህበት ተመለስ ነው። ካፒቴኑ በዚህ አይስማሙም።

«ወደ አዲስ አበባ ብትዞር ከፊትህ ያለው ደጋ ነው። ወደፊትም ብትሄድ ደጋ ነው። ወደ ቀኝ ዙር፣ ወደ ምሥራቅ። እኛ አገር ምድር የሚያልቅበት ቦታ አለ።»

ያን ቦታ እንዳየው ራሳቸው ወሰዱኝ። ለጥምቀት እረፍት ወደ አገራቸው ሲሄዱ፣ «ከላይ ስትሻገረው የኖርከውን አገር በእግርህ እይ» ብለው አስከተሉኝ። ዘመሮ አጠገብ ባለው ቤታቸው ሦስት ቀን አደርኩ። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ የበግ ለምድ አንጥፈው፣ በርኖስ ደርበው ነበር የሚያስተኙኝ፤ እንዲያም ሆኖ ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገባ። በሁለተኛው ቀን በጓሳ አድርገን፣ ሣሩን እየቀዘፍን፣ የፈረስ መንገድ ተከትለን ሄድን ሄድንና ካፒቴኑ በድንገት ክንዴን ያዙኝ። ከፊቴ ምንም አልነበረም። ገደሉ ቁልቁል ይሄድና፣ እታች፣ በጣም እታች፣ የአጣዬና የሸዋ ሮቢት ቆላ በሙቀት ጭጋግ ውስጥ ተዘርግቶ ይታያል። ከዚያ ወዲያ የአፋር ሜዳ ነው።

«ይኸው» አሉኝ። «ሞተርህ የቆመ ቀን የምትመጣው እዚህ ነው። ከዚህ ጠርዝ ካለፍህ መሬቱ ራሱ ይሸሽልሃል። ስትወርድ ቦታ አለህ።»

እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ዳቦ በላን።

ከድርጅቱ ጋር የሚያጨቃጭቃቸው ግን ነዳጅ ነበር። ደመና ውስጥ በመሣሪያ የሚበር ሰው ለመድረሻው የሚበቃ ነዳጅ ብቻ ይዞ አይነሣም። መድረሻው ቢዘጋ የሚሄድበት ተለዋጭ ማረፊያ ያስፈልገዋል። እዚያ የሚያደርሰው፣ ከዚያም በላይ አርባ አምስት ደቂቃ የሚያቆየው ነዳጅ መያዝ አለበት። የበረራ ሥራ ኃላፊያችን አቶ መስፍን ለኮምቦልቻ ተለዋጭ አድርገው የሚጽፉት ላሊበላን ነበር። ቅርብ ነው፣ ነዳጁ ትንሽ ነው፣ አንድ ተጨማሪ መንገደኛ ከነጓዙ ይጫናል። ወረቀቱም ሕጋዊ ነው።

ካፒቴኑ ወረቀቱን አይተው ይሰርዙትና ድሬዳዋ ብለው ይጽፋሉ።

«ካፒቴን፣ ድሬዳዋ እኮ ሩቅ ነው» ይላሉ አቶ መስፍን።

«ኮምቦልቻን የዘጋው ደመና ላሊበላን አይምርም። አንድ ደመና ነው። አንድ ሞተር ከሌለህ ደግሞ ላሊበላ ተራራ መሐል ነው፤ ድሬዳዋ በቆላ ነው የሚኬደው።»

«ስንት ጊዜ ሆኖ ያውቃል?»

«ሆኖ ቢያውቅማ እዚህ ቆሜ አልከራከርዎትም ነበር።»

አንዱ ወንበር ባዶ ሆኖ እንነሣለን።

ሌላም ልማድ ነበራቸው፤ ዛሬ ድረስ እንቅልፍ የሚነሣኝ እሱ ነው። በየሩብ ሰዓቱ፣ «ነዳጁን አንብብልኝ» ይሉኛል። አነብላቸዋለሁ። ከዚያ ከነትከሻቸው ዘንበል ብለው ራሳቸው ያዩና ቁጥሩን ጮክ ብለው ይደግሙታል። ከፍታውንም እንዲሁ፣ አቅጣጫውንም እንዲሁ። «አንድ ሰው ያየው ገና አልታየም» ይሉ ነበር። አንድ ጊዜ እኔ ያነበብኩትና እሳቸው ያዩት ሳይገጥም ቀርቶ፣ ተሳስቼ የተገኘሁት እኔ ነበርኩ።

አብረን መብረር በጀመርን በሦስተኛው ዓመት፣ ውላቸው ሊታደስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አቶ መስፍን ቢሯቸው ጠሩኝ። በሩን ዘጉ።

«ሳሙኤል፣ ከካፒቴን ወንድይራድ ጋር እንዴት ነህ?»

«ደህና ነኝ።»

«ዕድሜያቸው ገፍቷል አይደል? አንዳንድ ጊዜ መለኪያ አንብብልኝ ይሉሃል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?»

ከማን እንደሰሙ አውቃለሁ። እኔው ነኝ ካፌ ውስጥ እየሳቅሁ ያወራሁት።

«ይላሉ» አልኩ።

«ደጋግመው?»

«ደጋግመው። ግን...»

«ግንን ተወው። ያልከውን ብቻ ጻፍልኝ። ማንንም አልከሰስክም። ለጥንቃቄ ነው፤ ጥንቃቄ ደግሞ እሳቸው ራሳቸው የሚወዱት ነገር ነው።» ከዚያ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ አደረጉና፣ «የእሳቸው ወንበር ባዶ ቢሆን ከውጭ ሰው አናመጣም» አሉኝ።

ጻፍኩ። አራት መስመር ነው። ካፒቴን ወንድይራድ በበረራ ላይ የነዳጅ፣ የከፍታና የአቅጣጫ መለኪያዎችን እንዳነብላቸው ደጋግመው ይጠይቁኛል የሚል። አንዱም ቃል ውሸት አይደለም። ከእኔ በኋላ ራሳቸው እንደሚያዩት፣ እኔ ስሳሳት እሳቸው እንዳረሙኝ ግን አልጻፍኩም። ስሜን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ወጣሁ። ያን ቀን ምሳ የበላሁት በደንብ ነው። ይህን የምለው ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያደርግ ወዲያው የሚያመው ስለሚመስለው ነው። እኔን ወዲያው አላመመኝም።

ውላቸው ሳይታደስ ቀረ። ሐኪም ዘንድ ሄደው ዓይናቸውን ተመርምረው ደህና ነው የሚል ወረቀት ይዘው መጡ፤ አቶ መስፍን ወረቀቱን መሳቢያቸው ውስጥ አስቀርተው፣ «ድርጅቱ ወስኗል» ብለው መለሱላቸው። ሌላ ቦታም ሥራ ሲጠይቁ ለምን እንደወጡ ይጠየቃሉ፣ እውነቱን ሲናገሩም ይተዉዋቸዋል። ስልሳ ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው ሰው ነበሩ።

ዕቃቸውን ሊወስዱ የመጡ ዕለት ሃንጋሩ በር ላይ ተገናኘን። አንድ የቆዳ ቦርሳ ይዘዋል። ደብዳቤውን አይተውት እንደሆነ ከፊታቸው ላይ ፈለግሁ። ምንም አላገኘሁም። እጄን ጨበጡኝና፣ «ድሬዳዋን አትተው» አሉኝ። ሌላ ነገር አልተናገሩም።

በወሩ ተውኩት። ካፒቴን ሆኜ የመጀመሪያውን የበረራ ዕቅድ ስፈርም ላሊበላ የሚል ነበር የተጻፈው። አቶ መስፍንን ፊት ለፊት አይቼ ልሰርዘው አልቻልኩም፤ ወንበሩን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ሁለት ዓመት እንዲህ በረርኩ። ኮምቦልቻ ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ ይጠብቀኝ ነበር። እያደር ሽማግሌው ፈሪ ነበሩ ማለት ጀመርኩ፤ በልቤ ብቻ ሳይሆን በአፌም።

በሁለተኛው ዓመት ነሐሴ ላይ ስምንት ሰው ይዤ ወደ ኮምቦልቻ ልነሣ ስል አንዱ መንገደኛ ቀረ። ታሞ ነው መሰለኝ። ክብደት ተረፈ። ከድር፣ «ልሙላው እንዴ?» አለኝ። «ሙላው» አልኩት። ያልኩበት ምክንያት የለኝም፤ ከድር ቱቦውን ይዞ ስለቆመ ነው።

መንዝ ላይ ስንደርስ ሙሉ ደመና ውስጥ ነበርን። ቀኙ ሞተር ሁለት ጊዜ አንገጫገጨንና ቆመ። አውሮፕላኑ ወደ ቀኝ ተጎተተ፤ ከኋላ ሴት ስትጮኽ ይሰማኛል። ረዳቴ ዮናስ የሚባል ጎበዝ ልጅ ነበር፤ መጽሐፉን ሊያወጣ ጎንበስ አለ። እኔ የዚያን ጊዜ አላሰብኩም። እጄ የሞተውን ሞተር ዘጋ፣ ፕሮፔለሩን አስተካከለ፣ አፍንጫውን ወደ ምሥራቅ አዞረ። ለአዲስ አበባ በሬዲዮ ነገርኩ። ከፍታችን እየወረደ ነው። ከሥራችን ጓሳ እንዳለ አውቃለሁ። በስንት ሜትር እንደምናልፈው ግን አላውቅም። ዮናስ ከፍታውን ያነብልኛል። ሰባት ደቂቃ ያህል ሄድን። ከዚያ ደመናው ተቀደደና ከሥር የሸዋ ሮቢት ቆላ ቡናማ ሆኖ ታየ። ገደሉ ከኋላችን ቀርቷል።

ኮምቦልቻን ጠራሁ። ዝናብ ነው፣ ማኮብኮቢያው አይታይም አሉኝ። ላሊበላም ዝግ ነበር። ቆላ ቆላውን ይዘን ድሬዳዋ አረፍን። መንገደኞቹ መሬት ሳሙ፤ አንዲት ነርስ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አልለቅ አለችኝ።

የቀረው ሰውዬ መጥቶ ቢሆን ኖሮ ያ ነዳጅ አይኖርም ነበር።

የበደሌ ሁለተኛው ክፍል የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ እኔ እንደሚመስለኝ ከፊተኛው የባሰው ይኸኛው ነው። ድርጅቱ ግብዣ አደረገልኝ። ከሬዲዮ መጥተው፣ «ወደ ምሥራቅ መዞሩን እንዴት ወሰኑ? ለድሬዳዋ የሚሆን ነዳጅስ እንዴት ያዙ?» ብለው ጠየቁኝ። የአንድ ሰው ስም ብናገር ይበቃ ነበር። አቶ መስፍን አጠገቤ ቆመዋል። «ድንገተኛ ነገር ቢመጣ ምን እንደማደርግ ቀድሜ አቅጄ ነበር» አልኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ኮምቦልቻ የሚሄድ ሁሉ የድሬዳዋ ነዳጅ እንዲይዝ ታዘዘ። ትእዛዙ ሃንጋሩ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ሠራተኛው የካፒቴን ሳሙኤል መመሪያ ይለዋል።

በሳምንቱ ቢሮ ስልክ ተጠራሁ። ካፒቴን ወንድይራድ ናቸው፤ ከዘመሮ ቴሌ ነው የሚደውሉት።

«ሳሙኤል፣ በሬዲዮ ሰማሁህ። እንኳን እግዚአብሔር አተረፈህ።»

«አሜን፣ ካፒቴን። እንዴት ነዎት?»

«ደህና ነኝ። ድሬዳዋ ስታርፍ ነዳጅ ስንት ቀረህ?»

«የሃምሳ ደቂቃ።»

መስመሩ ይንጫጫል። እያሰሉ እንደነበር ገብቶኛል።

«ሰው ቀርቶብህ ነበር እንዴ?»

«አዎ። አንድ ሰው ቀርቶብኝ ነበር።»

«አይ» አሉ ቀስ ብለው። «ሌላ ጊዜ ሰው አይቀርልህም፣ ልጄ።»

በዚያ ስልክ ላይ ልነግራቸው እችል ነበር። አፌን ከፍቼም ነበር። «ካፒቴን፣ አንድ ነገር...» ስል፣ «ሰዓቱ ሞላ፤ ሰልፍ አለ» አሉኝና ለእናቴ ሰላምታ ልከው ዘጉት። መልሼ አልደወልኩም። ለፋሲካ በሰው እጅ ብርድ ልብስ ላክሁላቸው፤ እሳቸውም አንድ ቁና በሶ ላኩልኝ። እየበላሁት፣ ክረምቱ ሲያልፍ ሄጄ እነግራቸዋለሁ እል ነበር። ሦስት ክረምት አለፈ።

ለአርባቸው ሄድኩ። ዘመሮ ከአውቶቡስ ወርጄ በእግሬ ቤታቸው ስደርስ ፍትሐቱ አልቆ ሰው ዳስ ውስጥ ተቀምጧል። እትዬ አስካለ ጥቁር ለብሰዋል፤ ሲያዩኝ ተነሥተው አቀፉኝ።

«ሳሙኤል፣ መጣህ? ስምህን ሳያነሡ አይውሉም ነበር እኮ። የእኔ ልጅ በሬዲዮ ተናገረ ብለው አገሩን ሁሉ ሰብስበው ነው ያሰሙት።»

ከፊት አስቀመጡኝ። የካፒቴኑ ልጅ፣ ደቀ መዝሙራቸው እየተባልኩ ከጎረቤቱ ጋር ተዋወቅሁ። ሰው ሳሳ ሲል እትዬ አስካለ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንተ ነህ የምታውቀው። ዓይናቸው ምን ሆኖ ነበር?»

«ዓይናቸው?»

«ለምን ወጣህ ሲሏቸው ዓይኔን ጠረጠሩት ይሉ ነበር። አገሩ ደግሞ ዓይኑ ደክሞ ነው አለ። እኔ ግን አልገባኝም። እስኪሞቱ ድረስ መርፌዬ ላይ ክር የሚያስገቡልኝ እሳቸው ነበሩ።»

ነገርኳቸው። ካፌ ውስጥ ስቄ ካወራሁት ጀምሬ፣ ደብዳቤውን፣ ወንበሩን፣ ሬዲዮውን፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሁሉ ነገርኳቸው። እትዬ አስካለ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«እሳቸው ያውቁ ነበር?»

«አላውቅም፣ እትዬ።»

«እኔም አላውቅም» አሉ። «ይቅር ይበሉኝ ልትለኝ ከሆነ አትበለኝ። ዛሬ አልችልም» አሉኝና ተነሥተው የካፒቴኑን ታላቅ ወንድም መምሬ ጌታሁንን ጠሯቸው። «ለእኔ የነገርከውን ለእሳቸው ንገር።»

ለሁለተኛ ጊዜ ተናገርኩ። መምሬ ጌታሁን መቋሚያቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው አዳመጡኝና የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እንግዲያው ዓይኑ ደህና ነበር ማለት ነው?»

«ደህና ነበር፣ አባ። ከእኔ ይሻል ነበር።»

ወደ ሴቶቹ ዞረው፣ «ዘነበች፣ ነይማ እዚህ» አሉ።

እትዬ ዘነበች በሃምሳዎቹ ውስጥ ያሉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ማሳቸው ከካፒቴኑ ቤት ፊት ለፊት ከወንዙ ማዶ የሆነ ሴት ናቸው። ነገሩን የነገሩኝ መምሬ ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ጎረቤት የእትዬ ዘነበችን ድንበር በማለዳ አርሶ ገፋ። ካፒቴኑ ከደጃቸው ቆመው አይተውት ነበር። ሌላ ያየ ሰው አልነበረም። ፍርድ ቤት ቀርበው መሰከሩ። ያ ሰው ግን ተነሥቶ፣ «ዓይኑ ደክሞ ከአውሮፕላን ያወረዱት ሰው ወንዝ ተሻግሮ ድንበር አየ ቢል ይታመናል ወይ?» አለ። ካፒቴኑ፣ ለምን ከሥራ እንደወጡ በዳኛው ሲጠየቁ፣ እንደ ልማዳቸው ያለውን ተናገሩ፦ ዓይኔን ጠርጥረውት ነው። ምስክርነታቸው ሳይያዝ ቀረ። እትዬ ዘነበች ግማሽ ጥማድ የገብስ መሬት አጡ።

«ከዚያ ወዲህ በየመኸሩ ከራሳቸው አውድማ ገብስ ያስጭኑልኝ ነበር» አሉ እትዬ ዘነበች። «እርስዎ ምን ዕዳ አለብዎት ስላቸው፣ ያላመኑት የእኔን ዓይን ነው ይሉኛል።»

እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ። አራት መስመር የጻፍኩ ጊዜ እኚህን ሴት አላውቃቸውም ነበር። መንዝን የማውቀው ከላይ ነው።

«አሁን የተናገርከውን ብትጽፈው መሬቴ ይመለሳል?» አሉኝ።

«አላውቅም።»

«ቢሆንም ጻፈው።»

እዚያው ዳሱ ውስጥ ከተማሪ ደብተር ወረቀት አምጥተውልኝ ጻፍኩ። በዚህኛው ላይ ምንም አላስቀረሁም። ሰኞ ከእትዬ ዘነበች ጋር የወረዳው ፍርድ ቤት ሄድን። ሬጅስትራሯ ወጣት ናት፤ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አንብባ ቀና አለች።

«ምስክሩ አሁን የት ናቸው?»

«አርፈዋል።»

«መቼ?»

«አርባቸው ቅዳሜ ወጣ።»

«እንዲያው ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ እሳቸውን መልሶ መስማት ይቻል ነበር። የእርስዎ ጽሑፍ ስለ ዓይናቸው ነው እንጂ ስለ ድንበሩ አይደለም። ድንበሩን ያዩት እሳቸው ብቻ ናቸው።» ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ስትናገር አዝናልን ነበር። «ቀደም ብለው ነበር መምጣት የነበረብዎት።»

«አውቃለሁ» አልኳት።

ማኅተሙን መታችና ወረቀቱን ከፋይሉ ጋር አያያዘችው። እትዬ ዘነበች ከአጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ነበር። ዞር ብለው አንድ ጊዜ አዩኝ፣ ነጠላቸውን አጣፉና ቀድመውኝ ወጡ።